«ደፋር» ወይን በአማርኛ፦ ስለ ቀይ ወይን ጠባይና ማወራረጃነት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቡራዩና በሆለታ በኩል ወደ አምቦ የሚዘልቀው መንገድ ጉደር ያደርሳል። ጉደር የቦታ ስም ነው፤ ይሁንና አዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ለቀይ ወይኑ መጠሪያ ካደረገው ወዲህ፣ ሆለታ ላይ ምግብ ቤት ገብቶ «አንድ ጉደር» የሚል ሰው መጠጥ እንጂ አገር አይጠይቅም። ስሙ እንዲህ ሲዘልቅ የመጠጡን ጠባይ የሚገልጹት ቅጽሎች ግን ገና አልረጉም። እ.ኤ.አ. በ2014 በዝዋይ (ባቱ) ከለሙት ሲራ፣ መርሎና ካበርኔ ሶቪኞ ከተባሉ ዘሮች የተጠመቀ ወይን ለገበያ ከቀረበ በኋላ፣ የቅጽሎቹ ጉዳይ ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል።

በባሕር ማዶ ጽሑፎች ለእነዚህ ወይኖች የሚሰጠው ቅጽል ቃል በቃል ሲመለስ «ደፋር» ይሆናል። «ደፋር ወይን» ቢባል አንባቢው ጠጪውን የሚያስደፍር መጠጥ ይመስለዋል፤ ይህም ፈጽሞ ሐሰት ባይሆንም የተፈለገው ፍች አይደለም። ቅጽሉ ሦስት ነገሮችን በአንድነት ያዘለ ነው፤ ይኸውም በአፍ ውስጥ የሚሰማ ክብደት፣ የአልኮል ብዛትና ከፍሬው ልጣጭና ዘር የሚገኘው ታኒን ናቸው። ለመጀመሪያው ቃል መፍጠር አያሻም። ቡናውም ጠላውም «ቀጠነ» ወይም «ወፈረ» ይባላልና፣ «ወፍራም ወይን» ማለት ይበቃል። «ጠንካራ» ደግሞ ለአልኮል ብቻ ቢጠበቅ ይሻላል፤ ጠንካራ መጠጥ ሲባል ሁሉም የሚረዳው ይህንኑ ነውና።

አስቸጋሪው ታኒን ነው። ምላስንና ድድን ያኮማትራል፤ አፍን ያደርቃል። «ደረቅ» እንዳንለው ግን ይህ ቃል ስኳር ለሌለው ወይን አገልግሎት ላይ ውሏል። «መራራ» ማለትም ጌሾን ያስታውሳል፤ ምሬት ጣዕም ሲሆን መኮማተር ግን የመዳሰስ ስሜት ነው። ስለዚህ «አኮማታሪ» የሚለውን እንመርጣለን።

ልዩነቱ በገበታ ላይ ይታያል። ለምግብ የሚስማማ መጠጥ በአማርኛ «ማወራረጃ» የሚል መልካም ስም አለው፤ ስለሆነም «የምግብና የወይን ጋብቻ» የሚሉ ትርጉሞች ትርፍ ናቸው። አኮማታሪ ወይን ከሥጋ ፕሮቲንና ከስብ ጋር ሲገናኝ ይለዝባል፤ በመሆኑም ለበግ ጥብስና ሚጥሚጣው ላነሰ ክትፎ ጥሩ ማወራረጃ ነው። የበርበሬን ማቃጠል ግን አልኮል ያባብሰዋል። ዶሮ ወጥ በወፍራምና ጠንካራ ወይን ሲወራረድ አፍ ይነዳል፤ ለእርሱ እንደ አክሱሚት ያለ ጣፋጭ ቀይ ወይን ይሻለዋል። «ደፋር» ብሎ የሚያልፍ ተርጓሚ ይህን ሁሉ ከአንባቢው ይሰውራል።

ሌላም ወጥመድ አለ። የውጭ መጻሕፍት ወፍራም ቀይ ወይን በ«አይብ» ይበላል ሲሉ የቆየና የደረቀ ማለታቸው ነው። የሆለታና የሱሉልታ ወተት የሚሰጠን አይብ ግን ቅቤው ከወጣለት አሬራ የተሠራ ለጋ ነው፤ ታኒንን የሚያለዝብ በቂ ስብ የለውም። እዚህ ላይ ከጣሊያንኛ የወረስነው «ፎርማጆ» ትክክለኛው ቃል ነው።