ችሎት የራሱን ሥልጣን ሲመረምር

ዳኛ በከሳሽና በተከሳሽ መካከል ከመፍረዱ በፊት ራሱን የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፦ ይህን ጉዳይ ለማየት ሕግ ሥልጣን ሰጥቶኛል? በአገራችን ለዚህ ጥያቄ ዋናውን መልስ የሚሰጠው በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው።

ምርመራው በሁለት መስመር ይሄዳል። የመጀመሪያው የሥረ ነገር ሥልጣን ሲሆን የጉዳዩን ዓይነትና የክሱን ግምት ይመለከታል። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት በገንዘብ የሚገመት ክስ እስከ 10 ሚሊዮን ብር ድረስ ለመጀመሪያ ደረጃ፣ ከዚያ በላይ ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ይቀርባል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የከተማው ፍርድ ቤቶች ከፌዴራሉ ጎን ይሠራሉ፤ የወራሽነት ማስረጃ የሚፈልግ ሰው ለምሳሌ አቤቱታውን የሚያቀርበው ለከተማው ነው። ሁለተኛው የግዛት ሥልጣን ነው። መነሻው ተከሳሹ የሚኖርበት ወይም የሚሠራበት ቦታ ሲሆን፣ የቤት ወይም የመሬት ክርክር ግን ንብረቱ ወዳለበት ይሄዳል። አዳማ ላለ ቤት ክርክሩ አዳማ ነው።

ሁለቱ እኩል ጥብቅ አይደሉም። የግዛት ሥልጣን በዋናነት የተከራካሪዎችን ምቾት ስለሚጠብቅ፣ ተከሳሹ ገና ከጅምሩ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ካላነሳው ያመልጠዋል። የሥረ ነገር ሥልጣን ግን የተከራካሪዎች ንብረት አይደለም። ሁለቱም ወገን ቢስማሙ፣ ማንም ባይቃወም እንኳ፣ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 9 ሥልጣን የሌለውን ፍርድ ቤት ጉዳዩን እንዳያይ ይከለክለዋል። ምስክር ተሰምቶ ክርክሩ ከገፋ በኋላም ቢሆን ዳኛው ጉድለቱን ባወቀበት ሰዓት ማቆም አለበት። ክሱ ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ለከሳሹ ይመለሳል።

የዚህ ጥብቅነት ምክንያት ግልጽ ነው። ሥልጣንን ለፍርድ ቤት የሚሰጠው ሕግ እንጂ የባለጉዳዮች ፈቃድ አይደለም። ስምምነት ሥልጣን መፍጠር ቢችል ኖሮ፣ ጉልበት ያለው ወገን ደካማውን አስፈርሞ የሚመቸውን ዳኛ በመረጠ ነበር። ዳኛው ስለ ራሱ ወሰን የሚሰጠውም ብይን የመጨረሻ አይደለም፤ በይግባኝ ይመረመራል፣ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ካለበትም እስከ ሰበር ይደርሳል።

ስህተቱ ዘግይቶ ሲገለጥ ግን ዋጋውን የሚከፍለው ባለጉዳዩ ነው፤ የዓመታት ምልልሱና ወጪው አይመለስለትም። ስለዚህ የሥልጣንን ጥያቄ መዝገቡ በተከፈተ ማግስት በጥንቃቄ የሚመረምር ዳኛ ከፍትሕ ሥራው ግማሹን ያኔውኑ ሠርቷል።