ታላመስ፦ ከመልእክተኛነት በላይ

ስለ አንጎል ሲወራ ምስጋናውን ጠቅልሎ የሚወስደው ኮርቴክስ፣ ማለትም የተሸበሸበው የላይኛው ቅርፊት ነው። ከሥሩ፣ በአንጎል መሃል ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሞላላ የሴል ክምችቶች፣ ታላመስ የሚባሉት፣ በመማሪያ መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ የታወቁት በአስተላላፊነት ብቻ ነው። ዓይን ያየው፣ ጆሮ የሰማው፣ ቆዳ የዳሰሰው በዚያ በኩል ወደ ኮርቴክስ ይወጣል (ሽታ ብቻ የራሱ መግቢያ አለው)። ይህ አባባል ሐሰት ሳይሆን ጎዶሎ ነው። የማየት መረጃ በሚያልፍበት የታላመስ ክፍል፣ በአስተላላፊ ሴሎች ላይ ከሚያርፉት የነርቭ መገናኛዎች ከዓይን የሚመጡት ከ10 በመቶ አይበልጡም፤ ከኮርቴክስ ተመልሰው የሚወርዱት ግን ሲሦ ገደማ ናቸው። ሥራው መቀበልና ማሳለፍ ብቻ ቢሆን ይህ ሁሉ የመልስ መንገድ ለምን ተዘረጋ?

መሬይ ሸርማንና ሬይ ጊለሪ የተባሉ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ሰፊው የታላመስ ክፍል ዋና መረጃውን የሚያገኘው ከራሱ ከኮርቴክስ ነው፤ የሚመልሰውም ለኮርቴክስ ነው። ከነዚህ ክፍሎች አንዱ፣ ሚዲዮዶርሳል የሚባለው፣ ከግንባር ጀርባ ካለው የኮርቴክስ ክፍል ጋር የተሳሰረ ነው። ማይክል ሃላሳና ባልደረቦቹ በ2017 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት ለአይጦች ሁለት ዓይነት ምልክት ሰጡ፤ አንዱ ብርሃኑን፣ ሌላው ድምፁን እንዲከተሉ የሚያዝ። ከምልክቱ በኋላ አይጧ ለአፍታ ትቆያለች፤ እስከዚያ ደንቡን በልቧ መያዝ አለባት። ደንቡን ለይተው የያዙት የኮርቴክስ ሴሎች ነበሩ። የታላመሶቹ የትኛው ደንብ እንደታዘዘ አይለዩም፤ እነሱ ሲታፈኑ ግን ኮርቴክስም ደንቡን ይጥላል። በ2018 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ ሁኔታው ሲለወጥ ታላመስ ከአዲሱ ሁኔታ ጋር የሚስማማውን የኮርቴክስ እንቅስቃሴ እንደሚደግፍና የማይስማማውን እንደሚገታ አሳየ። የዕድር ሰብሳቢ እንደሚያደርገው ነው፤ ሐሳቡን የሚያመነጩት አባላት ናቸው፣ ማን ይናገር ማን ይቆይ የሚለው ግን በእሱ እጅ ነው። ሐሳብን እንደ ሁኔታው የመቀየር ችሎታችን የኮርቴክስ ብቻ ሳይሆን የዚህ ምልልስ ውጤት ነው የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው።

ታላመስ ለኮርቴክስ ጉልበት ከመስጠት ያለፈ ሥራ የለውም፣ ሲታፈን ደንቡ የሚጠፋውም ጉልበት ስለሚያጥር ነው የሚል ሊኖር ይችላል። ተቃውሞው ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን የ2017ቱ ጥናት ራሱ ፈትኖታል። ተመራማሪዎቹ የኮርቴክሱን ሴሎች በጅምላ ይበልጥ ንቁ ሲያደርጓቸው ደንቡ ተደበላለቀ፣ አይጦቹም ይበልጥ ተሳሳቱ፤ ሚዲዮዶርሳልን ሲያነቁ ግን ሁለቱም ተሻሻሉ። ችግሩ የጉልበት ማነስ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያውም በጠቀመ ነበር።

የአይጥ ነገር ለሰው ምን ይበጃል ለሚለው ደግሞ ሆስፒታሎች ለዓመታት የሚያውቁት ማስረጃ አለ፤ ኮርቴክሱ ሳይነካ በታላመስ ላይ ብቻ የደረሰ ትንሽ ስትሮክ ትውስታን፣ ትኩረትንና የማቀድ ችሎታን ሊያውክ ይችላል። ስኪዞፍሬንያ ባለባቸው ሰዎች ላይ የተነሡ የአንጎል ምስሎችም በታላመስና በግንባር ኮርቴክስ መካከል ያለው ትስስር መላላቱን አሳይተዋል። ይህኛውን ግን በጥንቃቄ መያዝ ይገባል፤ ምስል መላላቱን እንጂ የመላላቱ መንሥኤ ከየትኛው ወገን እንደተነሣ አያሳይም።