ከለገሃር እስከ ሥላሴ፦ ዘማቾችና ሹማምንት ያረፉበት ደብር

የለገሃር ባቡር ጣቢያ በደጉ ዘመኑ የመንገደኛና የጭነት ስፍራ ብቻ ሳይሆን ዘማች የሚሸኝበት አደባባይም ነበር። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጦር ወደ ጅቡቲ የወረደው በዚሁ ሐዲድ ነው፤ ከዚያም በመርከብ ተጭኖ በዚያው ወር መጨረሻ ፑሳን ወደብ ደረሰ። ጦሩ በተከታታይ ባደረገው ዘመቻ ከ120 የሚበልጡ ልጆቹን ሲሠዋ፥ አንድም ሰው ለጠላት እጁን አልሰጠም። የወደቁትንም በባዕድ ምድር ጥሎ አልቀረም፤ አጽማቸው ተሰብስቦ ወደ አገራቸው ስለ ተመለሰ፥ ዛሬ በፑሳን በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ውስጥ የኢትዮጵያዊ መቃብር አይገኝም።

ያንን ጦር በበላይነት እየመሩ የዘመቱት ከበደ ገብሬ በኋላ እስከ ሌተና ጄኔራልነት ማዕርግ ደርሰው፥ ከ1954 እስከ 1955 ዓ.ም. ደግሞ በኮንጎ የሰፈረውን የተባበሩት መንግሥታት ጦር በዋና አዛዥነት አስተዳድረዋል። በሁለት ክፍለ ዓለም ከጦር ሜዳ በሰላም የተመለሱት እኒህ ሰው ያለፉት ግን ከለገሃር ብዙም በማይርቅ ስፍራ፥ ሕዝቡ «ዓለም በቃኝ» ብሎ በሰየመው ከርቸሌ ግቢ ውስጥ፥ ያለ ፍርድ በተተኮሰ ጥይት ነው። ሌሊቱ የኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ነበር። በዚያች ሌሊት ደርግ ካስገደላቸው 60 ሰዎች መካከል ሁለቱ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድና ልጅ እንዳልካቸው መኮንን፥ ልዑል ራስ አሥራተ ካሣ፥ ራስ መስፍን ስለሺ፥ የባሕር ኃይሉ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ፥ ሌተና ጄኔራል ዐቢይ አበበ ይገኙባቸዋል፤ ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም ግን አልያዝም ብለው በገዛ ቤታቸው ሲዋጉ ወደቁ።

የተገደሉት በአንድ ጉድጓድ ተጣሉ። ይህን ነገር አንባቢ በሙሉ ክብደቱ እንዲረዳው፥ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለሞተ ሰው ምን እንደሚደረግለት ማስታወስ ይገባል። ሟች ታጥቦ ይገነዛል፤ መጽሐፈ ግንዘት ይነበብለታል፤ ካህናቱ በየምዕራፉ እየቆሙ ጸሎተ ፍትሐት እያደረሱ እስከ መቃብሩ አፋፍ ይሸኙታል፤ ከዚያ ወዲያ ሣልስቱ፥ ሰባቱ፥ አርባው፥ ሰማንያው፥ መንፈቁ፥ ሙት ዓመቱ እየተቈጠረ ተዝካሩ ይወጣል። ይህ ሁሉ ሬሳ ይፈልጋል፤ ሬሳም ባይገኝ መቃብር ይፈልጋል። ለስልሳዎቹ ግን ሬሳም መቃብርም ለዘመድ ሳይሰጥ፥ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው የሚሳለሙት ድንጋይ፥ አበባ የሚያኖሩበት ስፍራ አልነበራቸውም። ግድያው ግፍ ነበር፤ ሙታንን ከፍትሐት መከልከል ግን፥ በእኔ አስተያየት፥ ከግድያው በኋላ የተፈጸመ ሁለተኛ ግፍ ነው።

ደርግ ከወደቀ በኋላ አጽማቸው ከወህኒው ግቢ ወጥቶ፥ በአራት ኪሎ በምትገኘው በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር አረፈ። ወህኒ ቤቱም በኋላ ፈርሶ፥ በቦታው ላይ በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ታላቅ የጉባኤ አዳራሽ ቆመበት።

ይህች ካቴድራል የሙታን መሰብሰቢያ የሆነችው እንዲሁ በአጋጣሚ አይደለም። ሥራዋ ከፋሺስት ወረራ በፊት ተጀምሮ፥ በጦርነቱ ተቋርጦ፥ ከነጻነት በኋላ የተፈጸመ በመሆኑ፥ የተሠራችበት ዘመን ራሱ የመታሰቢያ መልክ ሰጥቷታል። ወደ ውስጥ የገባ ምዕመን ቀና ብሎ ግድግዳውን ቢመለከት፥ ከቅዱሳን ሥዕል ጋር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው አቤት ሲሉ የሚያሳይ ሥዕል ያያል፤ በቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የዘመን ታሪክ መሣሉ ለአንዳንዱ እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችላል፤ ለዚያ ትውልድ ግን በ1928 ዓ.ም. የደረሰው ስደትና በ1933 ዓ.ም. የተገኘው ነጻነት እንደ እስራኤል መውጣት ያለ የእግዚአብሔር ሥራ ነበርና፥ ስፍራው ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ሊሆን አይችልም ነበር።

የመቃብሩም አቀማመጥ የራሱ ሥርዓት አለው። በሕንፃው ውስጥ፥ በሰሜን በኩል፥ የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. ያረፉት እቴጌ መነንና ንጉሠ ነገሥቱ ጎን ለጎን በአክሱም ሥራ አምሳል በተጠረቡ ታላላቅ የግራናይት መቃብሮች ውስጥ ተኝተዋል። በምድር ቤቱ፥ በ1949 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ያረፉት ልዑል መኰንን ከንጉሣዊው ቤተሰብ ሌሎች ሙታን ጋር ይገኛሉ። በውጭ በግቢው ደግሞ አርበኞችና ሹማምንት ያረፉ ሲሆን፥ ከእነርሱ አንዱ በ1928 ዓ.ም. በሽሬ ግንባር የዘመቱት፥ ኋላም ተማርከው በኢጣልያ ምድር በግዞት የኖሩት ልዑል ራስ እምሩ ናቸው።

በዚሁ ለአርበኞች በተከለለ ስፍራ አንዲት የእንግሊዝ ሴት ተቀብራለች። ሲልቪያ ፓንክኸርስት ወረራው በተፈጸመበት ዓመት ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ በለንደን መሥርታ ለሃያ ዓመት ያህል ስትጽፍ ከኖረች በኋላ፥ በ1948 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥታ፥ መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፥ በዕለተ መስቀል ዐረፈች። ጦር አልመዘዘችም፤ ብዕር ይዛ የዘመተችው ዘመቻ ግን ከጦር ሜዳው ተለይቶ አልታየም፤ ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት በመንግሥት ክብር ተቀበረች። በቀብሯ ዕለት የተሰጣት ስም ወለተ ክርስቶስ ነው። ከአባቶቻችን ጋር በአንድ ግቢ እንዲያድር የተፈቀደለት ሰው በካህናቱ አፍ የሚጠራበት ስም ያስፈልገዋልና።

የዚህ ስፍራ ታላቅነት ዋናው ምሥጢር እዚህ ላይ ይመስለኛል። በድንጋዩ ላይ ማዕርግና ሹመት በሰፊው ይጻፋል፤ በፍትሐቱ ጊዜ ግን ካህኑ ሚኒስትሩን በሚኒስትርነቱ፥ ጄኔራሉን በጄኔራልነቱ አይጠራውም፤ ገብረ እገሌ፥ ወልደ እገሌ እያለ በክርስትና ስሙ ለፈጣሪው ያቀርበዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ተፈሪ ተብለው የተጠሩት በዓለም ስማቸው ነበር፤ ኃይለ ሥላሴ የጥምቀት ስማቸው በመሆኑ፥ በጸሎቱ ውስጥ ሲጠሩ ዘውድ የደፉበትና የተጠመቁበት ስም አንድ ሆነ።

የእርሳቸውም ፍልሰት ረዥም ነው። ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. በደርግ እጅ ከሞቱ በኋላ በቤተ መንግሥት ግቢ በስውር ተቀብረው፥ በ1984 ዓ.ም. አጽማቸው ተገኘ፤ ከዚያም ለስምንት ዓመት ያህል ንግሥት ዘውዲቱ ለአባታቸው ባሠሯት፥ ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ባረፉባት በታእካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ቆየ። ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. የቀብሩ ሥርዓት ሲፈጸም አረጋውያን አርበኞች ሜዳልያቸውን አንጠልጥለው፥ ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ የራስተፈሪያን እንግዶችም ከበሯቸውን ይዘው ተሰለፉ። መንግሥት ቀብሩን የመንግሥት ቀብር ባያደርገውም፥ ቤተ ክርስቲያን ግን የጀመረችውን ጸሎት አላሳጠረችም።

ከዚያ ወዲህ ግቢው በዘማችና በሹም ብቻ አልተወሰነም፤ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን፥ ድምፃዊው ጥላሁን ገሠሠ፥ ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በዚያ ዐርፈዋል። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ደግሞ በዐሥር ቀን ልዩነት ብቻ ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስና ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ተቀበሩባት። የንጉሥ ጄኔራሎች፥ ዘውዱን የገረሰሰው አብዮት የገደላቸው ሚኒስትሮች፥ አብዮቱን ጥሎ የነገሠው ትጥቅ ትግል መሪ፥ ሁሉም በአንድ አጥር ውስጥ ናቸው። በሕይወት ሳሉ ከእነዚህ ብዙዎቹ በአንድ ጉባኤ ለመቀመጥ የማይችሉ ነበሩ።

ይህን ስፍራ ለሚወድ ሰው አንድ ሥራ ቀርቷል። በነሐስ ቢቀልጥም፥ በእብነ በረድ ቢቀረጽም፥ ፀሐይና ክረምት የማያደክመው ጽሕፈት የለም፤ ከመቃብሮቹም ብዙዎቹ የቤተሰብ ናቸውና፥ ቤተሰቡ ሲሰደድ ወይም ሲያልቅ ጠባቂ ያጣሉ። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና የታሪክ ተማሪዎች የየመቃብሩን ጽሑፍ ከነስፍራው ቢገለብጡ፥ ፎቶግራፍ ቢያነሡ፥ ቅጂውንም ለካቴድራሉ አስተዳደርና ለብሔራዊ ቤተ መዛግብት ቢሰጡ፥ ሥራው ደብተርና እርሳስ፥ ትዕግሥትም እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በስልሳዎቹ መካነ መቃብር ቢጀመር መልካም ነው፤ የአባቶቻቸውን ነገር ከእናቶቻቸው አፍ የሰሙት ልጆች ዛሬ ራሳቸው አርጅተዋልና።