ጳጉሜን የማያውቅ ፎርም

ጳጉሜ 6 ቀን 1991 ዓ.ም. የተወለደች ወጣት ለምዝገባ ኮሌጅ ቀርባለች እንበል። የሬጅስትራሩ ሠራተኛ ኮምፒውተሩ ላይ ፎርሙን ከፍቶ የልደት ቀን ላይ ሲደርስ ብቅ የሚልለት የቀን መምረጫ ያለው 12 ወር ብቻ ነው። ጳጉሜ የለችም። ሠራተኛው ጊዜ ካለው በስልኩ አስልቶ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1999 ብሎ ይሞላል። ወረፋው ረዝሞ ከሆነ ግን ቀረብ ያለ የመሰለውን ወር መርጦ ያልፋል፤ ያ ቀን በኋላ ከዲግሪዋ ጋር አልገጥም ብሎ ከቢሮ ቢሮ ያመላልሳታል።

ጥፋቱ የሠራተኛው አይደለም። የቀን መምረጫውን የሚያቀርበው ብራውዘሩ ነው፤ የድረ ገጽ ደረጃውም ቀን የሚቀመጠው በግሪጎሪያን አቆጣጠር ዓመት፣ ወርና ቀን ሆኖ እንደሆነ ደንግጓል። ፎርሙን ያቆመው ባለሙያ ያንን ተቀብሎ አለፈ። ብዙ የአስተዳደር ፎርሞች የሚወለዱት እንዲህ ነው፤ ማንም ቁጭ ብሎ ሳያስብባቸው።

እነዚህ ፎርሞች ያሉበት አድሚን ፓነል የሚባለው የድረ ገጹ የጓዳ ክፍል ነው። ጎብኚ አያየውም። ተማሪ የሚመዘገበው፣ ዜና የሚጫነው፣ ደንበኛ የሚፈለገው እዚያ ነው። በዓለም ላይ ከሚሠሩትና የአገልጋይ ቋንቋቸው ከታወቀ ድረ ገጾች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ፒኤችፒ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉ ናቸው። ግሪንላንድ የተወለደው ራስመስ ሌርዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1994 በኢንተርኔት ላይ ያስቀመጠውን የግል ሲቪ ማን እንደጎበኘው ለማወቅ ጥቂት ፕሮግራሞችን ጻፈ፤ በ1995 ለሕዝብ የለቀቃቸው እነዚህ ፕሮግራሞች የፒኤችፒ መነሻ ሆኑ። ቋንቋው ገና ከጅምሩ ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ሰው በፎርም የሞላውን ማንበብ ነበር።

ዛሬ ፎርም በእጅ የሚጽፍ ፕሮግራመር ጥቂት ነው። ሲምፎኒና ላራቬል ለተባሉት የፒኤችፒ ማዕቀፎች ፎርም የሚዘረጉ መሣሪያዎች አሉ፤ ለሲምፎኒ ኢዚአድሚን፣ ለላራቬል ፊላመንት። ድሩፓል የተባለው የድረ ገጽ ማስተዳደሪያም እ.ኤ.አ. በ2011 ከወጣው ሰባተኛው ስሪት ጀምሮ አስተዳዳሪው ኮድ ሳይነካ አዲስ ፊልድ፣ ማለትም የሚሞላ ሣጥን፣ እንዲጨምር አድርጓል። ኢዚአድሚን የመረጃ ቋቱን አወቃቀር አይቶ ፎርሙን ራሱ ይዘረጋል። ዓምዱ ጽሑፍ ከሆነ የጽሑፍ ሣጥን፣ ቀን ከሆነ የቀን መምረጫ፣ አዎ ወይም አይ ከሆነ ማብሪያና ማጥፊያ ያስቀምጣል። ሥራው በደቂቃዎች ያልቃል፤ ችግሩም እዚያው ይጀምራል። መሣሪያው የሚያውቀው ዓምዱን እንጂ የሚመዘገበውን ሰው አይደለም።

የማስተካከያው በር ግን ክፍት ነው። በኢዚአድሚን ኮንፊገርፊልድስ የሚባል አንድ ፈንክሽን አለ፤ በውስጡ እያንዳንዱ ፊልድ አንድ መስመር ይይዛል። ዓይነቱ፣ ስያሜው፣ ከሥሩ የሚታየው አጭር ማብራሪያ፣ መሞላቱ ግዴታ መሆን አለመሆኑ የሚወሰነው እዚያ ነው። ፈንክሽኑ የትኛው ገጽ እንደተከፈተ ስለሚያውቅ በዝርዝሩ ገጽ ላይ ስምና ስልክ ብቻ፣ በማረሚያው ገጽ ላይ ደግሞ ሁሉንም ማሳየት ይቻላል።

ቀኑን እንመልከት። ብዙ ጀማሪዎች የኢትዮጵያን ቀን እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጡታል፤ ያኔ ዕድሜ ማስላትም ሆነ በቀን መደርደር አይቻልም። ሌሎች ከፈረንጁ ዓመት ላይ 7 ወይም 8 ይቀንሱና ወሩንና ቀኑን እንዳለ ይተዉታል። ይህም የባሰ ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ሲሆን መስከረም 1 ቀን 2017 ግን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነበር። የሚያዋጣው ቋቱ ውስጥ የግሪጎሪያኑን ቀን እንዳለ አስቀምጦ ፊቱን ብቻ መለወጥ ነው። ሲምፎኒ ለዚህ ዴታ ትራንስፎርመር የሚባል ዘዴ አለው፤ አንዱ ፈንክሽን ከቋቱ የመጣውን ቀን ወደ ኢትዮጵያ ቀን ይመነዝራል፣ ሌላው ሠራተኛው የሞላውን መልሶ ወደ ግሪጎሪያን ይቀይራል። ሠራተኛው የሚያየው የቀን ቁጥር፣ 13 ወራት ያሉት ዝርዝርና ዓመት ነው።

ስሌቱን ከባዶ መጻፍ አያስፈልግም። ፒኤችፒ ካለንደር በተባለው ነባር ቅጥያው የግሪጎሪያንን፣ የጁሊያንን፣ የአይሁድን፣ አልፎ ተርፎም ለጥቂት ዓመታት ብቻ የሠራውን የፈረንሳይ አብዮት አቆጣጠር ሲይዝ የኢትዮጵያን አልያዘም። ሆኖም ኢንትል የሚባለው ቅጥያ አይሲዩ በተባለው ቤተ መጻሕፍት ላይ የተገነባ በመሆኑ የእኛን አቆጣጠር አሟልቶ ያውቃል። ሁለት ነገር ብቻ ልብ ይሏል። አንደኛው፣ ወራቱ ከዜሮ ይቆጠራሉ፤ መስከረም 0 ስትሆን ጳጉሜ 12 ናት። ሁለተኛው ይበልጥ አደገኛ ነው። ቅጥያው ካልከለከሉት በስተቀር የማይኖር ቀን ሲሰጡት ዝም ብሎ ወደ ቀጣዩ ያሻግራል፤ ጳጉሜ 6 በሌለችበት ዓመት ጳጉሜ 6 ብሎ የሞላ ሠራተኛ ምንም ሳይነገረው መስከረም 1 ተመዝግቦ ያገኛል። ሰትሊኒየንት የሚባለውን ቅንብር ሐሰት ማድረግ ይህን ያስቀራል፤ ፎርሙም ስህተቱን ለሞላው ሰው እዚያው እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል።

ከቀን ቀጥሎ ሰውን የሚያስቸግረው ስም ነው። ከውጭ የመጣ ፎርም የግል ስምና የቤተሰብ ስም ብሎ ሁለት ሣጥን ያቀርባል። የእኛ ሰው የግል ስሙን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይዞ ይመጣል፤ የቤተሰብ ስም የሚባል የለውም። አልማዝ ከበደ በዚያ ፎርም ከተመዘገበች በራሱ የሚላከው ደብዳቤ ወይዘሮ ከበደ ብሎ ይጀምራል፤ የተጠሩት አባቷ ናቸው። አሜሪካ ወይም አውሮፓ የሚኖሩ ቤተሰቦች ይህን በደንብ ያውቁታል። በአንድ ቤት ባል በአባቱ፣ ሚስት በአባቷ፣ ልጆች ደግሞ በአባታቸው ስም ስለሚመዘገቡ በሰነድ ላይ ሦስት ቤተሰብ ይመስላሉ። ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ፕሮግራመሩ ፓትሪክ ማከንዚ እ.ኤ.አ. በ2010 ባልደረቦቹ ስለ ሰው ስም በስህተት የሚያምኑባቸውን ግምቶች ዘርዝሮ አሳትሟል፤ ሰው ሁሉ የቤተሰብ ስም አለው የሚለው እምነትም እዚያ አለ።

በአድሚን ፓነሉ ላይ መፍትሔው ቀላል ነው። ሦስት ፊልድ፣ በሦስት ግልጽ ስያሜ፤ ዝርዝሩም በግል ስም ይደርደር። ተቋሙ ደንበኞቹ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ከሆኑ ሙሉ ስም የሚል አንድ ሰፊ ሣጥንና ምን ተብለው መጠራት ይፈልጋሉ የሚል ሌላ አጭር ሣጥን ይበልጥ ይጠቅማሉ።

ፊደሉም የራሱ ጣጣ አለው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ ስትርሌን የተባለው የፒኤችፒ ፈንክሽን ደግሞ የሚቆጥረው ባይት ነው። ኃይለማርያም 7 ፊደል ቢሆንም በዚህ ቆጠራ 21 ይሆናል፤ ስም ከ20 እንዳይበልጥ የሚል ሕግ ያለው ፎርም አይቀበለውም። በእንግሊዝኛ ስም ብቻ የፈተነው ባለሙያ ይህን አያየውም። ኤምቢስትርሌን በሚባለው መተካት ይበቃል።

ፍለጋው ይበልጥ ያለፋል። ፀሐይን አንዱ ጸሀይ፣ ሌላው ፀሀይ ብሎ ይጽፋታል፤ ለኮምፒውተሩ ሁሉም የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ሠራተኛው ፈልጎ ሲያጣት እንደ አዲስ ይመዘግባታል፤ አንዷ ሴት ሁለት ፋይል ይኖራታል። እዚህ የሚረዳው በፎርሙ ላይ የማይታይ አንድ የመፈለጊያ ዓምድ ነው። ስሙ ሲቀመጥ ፕሮግራሙ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነእርባታቸው ለውጦ እዚያ ይጽፋል፤ የተፈለገውንም ቃል እንዲሁ ለውጦ ያነጻጽራል። የስሙ ባለቤት የጻፈችው አጻጻፍ ግን በስም ዓምዱ ላይ ሳይነካ መቆየት አለበት፤ የሚታተመው እሱ ነው።

የስልክ ፊልድ በአጭሩ ይታለፍ። ሞባይል በ09 ይጀምራል ብሎ የቆለፈ ፎርም ሳፋሪኮም በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 በ07 አገልግሎት ሲጀምር ትክክለኛ ቁጥሮችን መመለስ ጀመረ። ዛሬ የተጻፈ ሕግ ነገ መከፈት እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ ማሰብ ከማስተካከያው ሥራ አንዱ ክፍል ነው።

ፊልድን መደበቅ ከመከልከል ጋር አንድ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ከማረሚያው ገጽ ላይ የክፍያ ሁኔታ የሚለውን ፊልድ ማንሳት ይቻላል፤ ፎርሙ ግን የሚላከው ከተጠቃሚው ኮምፒውተር ስለሆነ ብልሃቱን የሚያውቅ ሰው ያልታየውን ፊልድ ጨምሮ ሊልከው ይችላል። ፒኤችፒ ይህን ትምህርት በውድ ዋጋ ተምሮታል። ሬጅስተር ግሎባልስ የሚባለው ቅንብር በፎርም የመጣውን ስም ሁሉ በቀጥታ የፕሮግራሙ ተለዋዋጭ ያደርገው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው 4.2 ስሪት በነባሪነት ጠፋ፣ በ2012 በወጣው 5.4 ጨርሶ ተወገደ። አሁን የሲምፎኒ ፎርም ያልጠየቀው ፊልድ ሲመጣበት ይመልሳል፤ ላራቬልም ፊለብል በሚባለው ዝርዝር ውስጥ ያልተፈቀደውን ዓምድ በጅምላ ከመጣ መረጃ አይቀበልም። የሠራተኛው ሥልጣን ግን በአገልጋዩ በኩል ለብቻው መፈተሽ አለበት።

ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት የሚገባው መሞላቱ ግዴታ ነው የሚለው ምልክት ነው። በብዙ አገሮች ልደታቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተመዘገበ ስደተኞች ሞልተዋል። የተወለዱበትን ዓመት እንጂ ቀኑን የሚያውቅ አልነበረም፤ ፎርሙ ቀንና ወር ካላገኘ ስለማያልፍ የዓመቱ መጀመሪያ ተጻፈላቸው። እንዲህ የተሞላ ቀን ከእውነተኛው ልደት ተለይቶ አይታወቅም፤ በኋላ ላይ ማስረጃ ቢገኝ እንኳ የትኛው መዝገብ መታረም እንዳለበት የሚጠቁም ነገር የለም። ዊኪዴታ የተባለው የመረጃ ቋት ይህን በጥሩ መንገድ ፈትቶታል፤ እያንዳንዱ ቀን አብሮት የእርግጠኝነት መጠን ይይዛል፣ 9 ዓመት ብቻ፣ 10 እስከ ወር፣ 11 እስከ ቀን ማለት ነው። በአድሚን ፓነልም ከልደት ቀኑ ጎን ሙሉ ቀን፣ ወርና ዓመት፣ ዓመት ብቻ የሚሉ ሦስት አማራጮች ያሉት ፊልድ መጨመር ከባድ ሥራ አይደለም። የዝርዝሩ ገጽ ዓመት ብቻ የተመረጠለትን ሰው 1962 ብሎ ያሳያል፤ የሬጅስትራሩ ሠራተኛም ያልተነገረውን ቀን ለመፍጠር አይገደድም።