ጎዶሎዎቹ ለምን ይደመራሉ?

«ኮምፒውተር የሚያባዛው ከኢትዮጵያ ገበሬ በተወሰደ ዘዴ ነው» የሚለው ወሬ ከአንዱ ማኅበራዊ ገጽ ወደ ሌላው ሲዞር ከርሟል። አንዱን ቁጥር እያጋመሱ፣ ሌላውን እጥፍ እያደረጉ የሚያባዙበት ይህ ዘዴ በውጭ አገር መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዛት» መባሉ እውነት ነው። አብሮት የሚነገረው ተረት ደግሞ ተጋማሽ ቁጥር ክፉ፣ ጎዶሎ ቁጥር ደግ ስለሆነ ክፉዎቹ ይሰረዛሉ ይላል። ለጨዋታ ያምራል፤ የቁጥር ደግነት ግን ትክክለኛ ብዜት ሲሰጥ አልታየም።

13ን በ24 እናባዛ። በግራ 13ን እያጋመስን፣ ትርፍ 1 ከመጣ እየጣልን እንውረድ፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በቀኝ 24ን እጥፍ እያደረግን እንጻፍ፦ 24፣ 48፣ 96፣ 192። በግራ ተጋማሹ 6 ብቻ ስለሆነ ትይዩው 48 ይሰረዛል፤ 24፣ 96 እና 192 ተደምረው 312 ይሆናሉ። ምስጢሩ ያለው ስረዛው ላይ ነው። አንዱን ወገን አጋምሰን ሌላውን እጥፍ ብናደርግ ብዜቱ አይለወጥም፤ 6 ጊዜ 48 እና 3 ጊዜ 96 እኩል ናቸው። እንግዲህ የ6 ረድፍ ያለውን ሁሉ ለታችኛው አስረክቧል። 48ን መልሶ መደመር፣ ወደ አዲስ መዝገብ የዞረን ዕዳ በአሮጌውም መዝገብ ደግሞ እንደ መጠየቅ ነው። 13 ላይ ግን 1 ጥለናል። 13 ጊዜ 24 ማለት 6 ጊዜ 48 እና አንድ 24 ነው፤ ያ 24 ወደ ታች ሳይወርድ እዚያው ቀርቷል። 3 ላይም አንድ 96 ይቀራል፣ መጨረሻው ላይ 192። የምንደምረው በየረድፉ የቀሩትን ነው፤ ተጋማሽ ረድፍ ምንም አያስቀርም። ሳናውቀውም 13ን ወደ 8፣ 4 እና 1 በትነነዋል፤ በሁለትዮሽ አጻጻፍ 1101 የሚባለው ይኸው ነው።

«ኮምፒውተርስ የሚያደርገው ይህንኑ አይደለም?» የሚል ይኖራል። ቀላሉ የሁለትዮሽ ማባዣ በእርግጥ እጥፍ እያደረገ ይደምራል፤ ለግዙፍ ቁጥሮች ግን ሌላ መንገድ አለ። አናቶሊ ካራትሱባ እ.ኤ.አ. በ1960 ሞስኮ ውስጥ፣ ግዙፍ ቁጥሮችን እያንዳንዳቸውን ለሁለት ከፍሎ ለማባዛት አራት የነበሩትን ትንንሽ ብዜቶች ወደ ሦስት ያወረደበት ዘዴ አንዱ ነው። ደግሞም መመሳሰል ዝምድናን አያረጋግጥም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ የተገለበጠው፣ ዛሬ በብሪትሽ ሙዚየም ያለው የግብጹ የራይንድ ፓፒረስ እጥፍ በማድረግ ያባዛል፤ ይኸው የማጋመስና እጥፍ የማድረግ ዘዴ «የሩሲያ ገበሬዎች ማባዛት» ተብሎም ይታወቃል። የሒሳብ ሊቁ ላይብኒትዝ እ.ኤ.አ. በ1703 ስለ ሁለትዮሽ ባሳተመው ጽሑፍ ያነሣው ኢ ቺንግ የተባለውን የቻይና ጥንታዊ መጽሐፍ ምልክቶች እንጂ ኢትዮጵያን አይደለም።

ይህን ማለት ቅርስ ማቃለል የሚመስለው አይጠፋም። የዘዴው ዋጋ ግን ሌላ ቦታ ነው፦ የማባዛት ሰንጠረዥ መሸምደድ አይጠይቅም፣ ዜሮም አይፈልግም። የግእዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ ፲ እና ፻ የየራሳቸው ምልክት ስላላቸው፣ በትምህርት ቤት የምንማረው አሃዝ ከአሃዝ ሥር እየደረደሩ ማባዛት ለእርሱ አይመችም። ማጋመስና እጥፍ ማድረግ ግን በየትኛውም አጻጻፍ፣ በጠጠርም ቢሆን ይሠራል። 13ን እና 24ን ቦታ ብናለዋውጥስ? 24፣ 12፣ 6፣ 3፣ 1 በግራ፤ 13፣ 26፣ 52፣ 104፣ 208 በቀኝ። ረድፉ በአንድ ይረዝማል፣ የሚደመሩት ግን 104 እና 208 ብቻ ናቸው።