ተክሉን ወይስ ጅረቱን? ስለ ዲሳ ዩኒፍሎራ የተሰጠ ገለጻ



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ አበባ ነው፤ ጥያቄው ግን ከአበባው ይሰፋል። አንድን የዱር ተክል ወደ አበባ ማሰሯችን ስናመጣ ምኑን ጭምር ማምጣት ይገባናል?

ዲሳ ዩኒፍሎራ በደቡብ አፍሪካ ምዕራባዊ ኬፕ፣ በቴብል ተራራና በአካባቢው ሰንሰለቶች፣ በጅረት ዳርና በፏፏቴ ሥር የሚበቅል ቀይ ኦርኪድ ነው። ስዊድናዊው ቤርጊየስ እ.ኤ.አ. በ1767 ሳይንሳዊ መግለጫውን አሳተመ። ርክበ ብናኙን የሚፈጽምለት ኤሮፔቴስ ቱልባጊያ የተባለ፣ ቀይ አበባ የሚያዘወትር ትልቅ ቢራቢሮ ነው።

ከዓመታት በፊት ስድስት ችግኞች በእጄ ገብተው ነበር። እንደ ማንኛውም የጓሮ አበባ ጥቁር አፈር፣ ፍግና የቧንቧ ውኃ ሰጠኋቸው። በሁለት ወር ውስጥ ሥራቸው ጠቁሮ በሰበሰ። የሞቱት በረሀብ ሳይሆን በጥጋብ ነበር።

ምክንያቱ በትውልድ ቦታቸው ተጽፏል። የኬፕ ጅረቶች የሚፈስሱበት የአሸዋ ድንጋይ ለውኃው የሚለግሰው ማዕድን እጅግ ጥቂት ነው። ውኃው ከዕፀዋት ቅሪት የተነሣ እንደ ሻይ የጠቆረና አሲዳማ፣ ቀዝቃዛና በመንቀሳቀሱም አየር የጠገበ ነው። ስለዚህ የዲሳ ሥር ሁልጊዜ እርጥብ፣ ሁልጊዜም የሚተነፍስ መሆን አለበት፤ የተጠራቀመ ጨው ያቃጥለዋል።

በሁለተኛው ሙከራዬ በታጠበ ሻካራ አሸዋ ላይ ተከልኳቸው፤ የዝናብ ውኃ ብቻ አጠጣሁ፤ ማዳበሪያውንም እጅግ አቀጠንሁት። አበቡ። ካበበ በኋላ ያበበው ግንድ ይደርቃል፤ ሞተ ብላችሁ አትጣሉት፤ ከሥሩ አዲስ ቡቃያ ይተካዋል።

አብዛኞቹ ኦርኪዶች ለመብቀል የፈንገስ ረዳት ወይም ከጀርም የጸዳ ቤተ ሙከራ ይሻሉ። የዲሳ ዩኒፍሎራ ዘር ግን ከሌሎች ኦርኪዶች ዘር ተለቅ ያለ በመሆኑ፣ ስፋግነም በተባለው እርጥብ ሽበት ላይ እንዲሁ ሊበቅል ይችላል። እንግዲያውስ አንዲትም ተክል ከጅረቷ ዳር የምትነቀልበት ምክንያት የለም።

የዲሳ ወገን ዝርያዎች በአገራችን ደጋማ ስፍራዎችም ይገኛሉ። ወደፊት ከመካከላችሁ አንዱ ሊያለማቸው ሲነሣ፣ አካፋ ከማንሣቱ በፊት ውኃቸውን ይለካ፤ እኔ ያን ባደርግ ኖሮ ስድስቱ ችግኞች ባልሞቱ ነበር።