የእንግሊዝኛ መጀመሪያ ትምህርት በማስጠኛ ክፍሎቻችን



በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ግን የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወሰነ። ስለዚህ ሒሳቡንና ሳይንሱን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር የቆየ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ መጽሐፉ ሁሉ ይለወጥበታል። መልሱን ያውቀዋል፤ ጥያቄው ግን አይገባውም። ወላጆችም «ልጃችን ሰነፈ» ይላሉ፤ አንዳንዱም ተስፋ ቆርጦ ከትምህርት ይቀራል። በማስጠኛ ክፍሎቻችን ለእንግሊዝኛ ሰዓት የምንመድበው ስለዚህ ነው እንጂ የፈረንጅ አፍ ጌጥ እንዲሆንላቸው አይደለም።

ልጆቹ የሚሰናከሉበትን ስፍራ ማወቅ ይበጃል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ብሎ አይለይም። እንግሊዝኛ ግን ዓረፍተ ነገር ሲጀመር፣ የሰውና የአገር፣ የቀንና የወር ስም ሲጻፍ ትልቁን ፊደል ይፈልጋል። እኛ በአራት ነጥብ የምንዘጋውን በአንዲት ነጥብ ይዘጋል፤ ልጆችም ስለ ትንሽነቷ ይረሷታል።

ከነጥቡ ይልቅ የሚከብደው ሰዋስው ነው። «ልጁ ዳቦ በላ» ስንል ግሡ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ በእንግሊዝኛ ግን «በላ» ከ«ዳቦ» ይቀድማል። «ራበኝ» የምትለዋ አንዲት ቃል «አይ አም ሀንግሪ» ተብላ ሦስት ትሆናለች፤ ብዙዎች መካከለኛዋን ይዘልላሉ። «አልበላህም ወይ?» ተብሎ የተጠየቀ ያልበላ ልጅ በአማርኛ «አዎ፣ አልበላሁም» ቢል ትክክል ነው። በእንግሊዝኛ ግን ያልበላ ሰው «ኖ» ማለት አለበት። የውጭ አገር እንግዳ ሲጠይቀው «የስ» ያለ ልጅ እንደ በላ ተቆጥሮ ጦሙን ሊውል ይችላል፤ ሠራተኞች ይህን ልብ በሉ።

ስለ ቃላት ጥናትም አንድ ነገር እንበል። ሃያ ቃል በሰሌዳ ጽፎ ማስገልበጥ እጅን ያደክማል እንጂ ብዙ አያስተምርም። ጃንደረባው በሠረገላው ላይ ሆኖ ሲያነብ ሳለ ፊልጶስ ያስፈለገው ንባብ አጥቶ አልነበረም። በቀን አምስት ቃል ይበቃል፤ ልጁ በእጁ የሚነካቸው፣ እንደ እስክሪብቶ፣ በር፣ ቢላዋ ያሉ ይሁኑ። በየቃሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሥራበት። ቢላዋ «ናይፍ» ተብሎ ሲነበብ በመጀመሪያው የማይሰማ ፊደል ለምን እንደ ተጻፈ የሚጠይቅ ልጅ ይኖራል። ጥንት ይነበብ እንደ ነበረ ንገሩት፤ እውነት ነውና።

ከዚያም አስጠኚው ትልቅ ፊደልም ነጥብም የሌላቸውን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች አያይዞ ይጻፍ፤ ልጆቹ አርመው ጮክ ብለው ያንብቡ። ለዚህ ሥራ ሰሌዳና ጠመኔ ይበቃል። የሚጎድለን አስጠኚ ነው። ከማኅበረ ምእመናኑ መካከል እንግሊዝኛ የሚችሉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ሊሰጡ ቢወዱ በየአጥቢያቸው ላለው የፕሮጀክት ሠራተኛ ይንገሩ።